ከምሰሶው የመጣው ናሙና

የድንጋይ ከሰል በዓይን አይመረመርም። ማንኛውም የላብራቶሪ ሠራተኛ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። እኔ ግን ለመማር ስድስት ዓመትና አንድ ሰው ፈጅቶብኛል። የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው። ስሙ ይመር ነበር።

በቅድሚያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ስሜ የሺ ይባላል። የተወለድኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ዛሬም ከእናቴ ጋር የምኖረው እዚያው ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ አነስተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ ሹራብ ደርቤ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን አውልቄ በክንዴ ይዤ እገባለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማህበራት የሚያመጡልንን ከሰል እንፈጨዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ እንመዝነዋለን፣ ከዚያ እሳት በሚችል ትንሽ የሸክላ ጽዋ አድርገን በኤሌክትሪክ ምድጃ እናቃጥለዋለን። ነድዶ ሲያልቅ የቀረውን አመድ እንደገና እንመዝናለን። አመዱ ከበዛ ከሰሉ አፈር የበዛበት ነው፣ ፋብሪካ አይገዛውም። አመዱ ካነሰ ለአንድ ቀበሌ ሰው እንጀራ ይሆናል።

እኔ ታዲያ አንድ በሽታ ነበረብኝ። ጽዋው ምድጃ ሳይገባ ውጤቱን መገመት እወዳለሁ። ድንጋዩን በመዳፌ አገላብጬ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ያልፋል ወይም ይወድቃል እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ዓይነ ሚዛን የሚል ስም አወጡልኝ። ሲጠሩኝ እንዳልሰማ ብሆንም ደስ ይለኝ ነበር። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የእኔ ሙያ ግን ምላሴ ላይ ነበር።

ይመር የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከደሴ በገራዶ በኩል ወጥቶ፣ መኪና ከሚያቆመው በላይ ሽቅብ በእግር ከሚኬድበት ቀበሌ ነው። የቀበሌው ወጣቶች በማህበር ተደራጅተው ከሰል ያወጣሉ። በእድሜ እኩያዬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። ናሙና ይዞ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነበር። ሁለቱም ጊዜ ወድቀዋል። በሁለተኛው ጊዜ ምክንያቱን የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ከዋሻው ወለል ላይ ጭቃውን አብራችሁ እየዛቃችሁ ነው፣ ለዩት፣ ጥረጉት አልኩት። ከሰላቸውን ሊገዛ ያሰበው ፋብሪካ ደግሞ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፣ ከወደቀ ከሌላ ቦታ እንገዛለን ብሏል። የማህበሩ ልጆች ደግሞ መሬታቸውን ለዋሻው መንገድ ሰጥተው ጨርሰዋል፤ የሚመለሱበት እርሻ የላቸውም።

የዚያን ቀን ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንዱ ከዋሻው ግድግዳ የወጣ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ነው፤ ዝናብ መትቶት ርሷል፣ መልኩ ደብዝዟል። ሌላው በንጹሕ ሻሽ የተቋጠረ ትንሽ ነገር ነው። ሻሹን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው። ሦስት የሚያብረቀርቁ ጥቋቁር ድንጋዮች ነበሩ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ለሙሽራ ያመጣኸው ነው?" ብዬ ቀለድኩበት።

በእነሱ አገር ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ተመርጦ ነው የሚቀርበው አለኝ። ማር ቢሆን ነጩ፣ እህል ቢሆን የተበጠረው። እኔም ይህን ልማድ አውቀዋለሁ፤ ከገጠር የሚመጡ ማህበራት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ናሙና ማለት እንዳለ ተቀላቅሎ የሚመጣ እንጂ የተለቀመ አይደለም ብለን ብንናገር ብንናገር፣ መጥፎውን ለእንግዳ ማሳየት ነውር ይሆንባቸዋል። ስለዚህ የተቋጠረውን ወደ ጎን አድርጌ ከማዳበሪያው ዘግኜ መመርመር ነበረብኝ። ግን መብራት ጠፍቶ ነበር። ምድጃው በድን ሆኗል። እኔም ሥራ ፈትቼ፣ ያቺን ክፉ ልማዴን አመጣኋት።

የረጠበውን አንስቼ አየሁና ፊቴን አጨማደድኩ። የሚያብረቀርቀውን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

"ይሄኛው ከየት ነው?"

"እዚያው ነው፣ ከወደ ውስጥ። ከምሰሶው የረገፈ ነው።"

ምሰሶ የሚሉት ሲቆፍሩ ጣሪያው እንዳይወርድ በየመካከሉ ሳይነኩ የሚተዉትን የከሰል ግንድ ነው። አጥቼው አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጬ ግን ምሰሶም ግድግዳም ወለልም ለእኔ ካርቶን ላይ የሚጻፉ የቦታ ስሞች ነበሩ። ትንሽ ካርቶን ቆርጬ፣ በራሴ እጅ "ከምሰሶ" ብዬ ጻፍኩና ከሻሹ ጋር አሰርኩት።

"ያ ማዳበሪያ ይወድቃል። የሚያልፈው እንደዚህ ያለው ነው" አልኩት። "ሐሙስ ራሴ መጥቼ ናሙና እወስዳለሁ። ከዚህ ዓይነቱ አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።"

ይመር ማዳበሪያውን አየ፣ ምድጃውን አየ።

"እህቴ፣ መብራቱ እስኪመጣ ብጠብቅስ? በማሽኑ ብታይው።"

"ማሽኑም ከእኔ የተለየ አይነግርህም።"

አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እሺ፣ ኢንሻአላህ ብሎኝ ወጣ። መብራቱ የመጣው እሱ ከሄደ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱንም ናሙና መደርደሪያ ላይ አድርጌ፣ ሐሙስ ከማመጣው ጋር አብሬ አያቸዋለሁ ብዬ ሌላ ሥራ ቀጠልኩ።

ሐሙስ ደሴ ጉም ነበረች። የማህበሩ ሊቀመንበር ሁሴን መኪናው ከሚቆምበት ተቀብሎኝ አብረን ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔ እንሸራተታለሁ፣ እሱ ዱላውን ያቀብለኛል። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረስን። የዋሻው አፍ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ከአፉ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥራሉ። የይመር አባት ናቸው፣ አባባ እንድሪስ ይባላሉ ሲል ሁሴን ነገረኝ። ሰላም አልኳቸው።

"ወአለይኩም ሰላም። የከሰሉ ሐኪም አንቺ ነሽ? ይመር ከሱብሂ ጀምሮ ላንቺ እያዘጋጀ ነው። አሁን ይወጣል፣ አረፍ በይ" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሹራቤን ከጭቃ እየጠረግኩ ነበር። የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አይደለም፤ የእህል ጆንያ ከትከሻ መሬት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ከዋሻው አፍ ነፋስ ወጣ። ጥቁር ብናኝ ይዞ ወጣና ፊታችን ላይ አረፈ። አባባ እንድሪስ ቆጠራቸውን አላቋረጡም ነበር፤ ጣታቸው ሁለት ፍሬ አልፎ ነው የቆመው።

ሁሴን እየሮጠ ገባና ወዲያው ተመለሰ። ምሰሶው ሄዷል፣ ጣሪያው ወርዷል አለ። ሰዉን ቆጥረው ወዲያው ለዩ፤ ውስጥ የነበረው ይመር ብቻ ነው።

ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ነው። አንድ ሰው ወደዚያ ሮጠ። ከደሴ ማሽን ቢላክ እንኳ ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ አያልፍም ተብሎ መልስ መጣ። ስለዚህ በእጅ ተያዘ። ዶማ ጣሪያውን ያናውጣል ብለው ከፊት ያሉት በእጃቸውና በአካፋ ብቻ ይዝቃሉ፣ ከኋላ ያለነው በማዳበሪያ እየተቀባበልን እናወጣለን። የቀበሌው ሴቶች ሁሉ መጡ። እኔም ተሰለፍኩ። በሁለት እጄ ስንት ማዳበሪያ እንዳለፈ አላውቅም። ሁሉም ከሰል ነው፤ እርጥብ፣ ደብዛዛ ከሰል። ያን ጊዜ ጥራቱን የሚጠይቅ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከፊት ያለው ሰው እጁን አነሳ። ሁሉም ዝም አለ። ከውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። አባባ እንድሪስ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ገቡ።

"ይመር፣ አባትህ ነኝ።"

"አባ፣ አለሁ። እግሬ ተይዞ ነው እንጂ አለሁ።"

ድምፁ ቅርብ ነበር። በመካከላችን የነበረው ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ሁሴን በእጁ ከለከላቸው። እኔ አለቀስኩ። ተርፏል ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ከነገሩ ሁሉ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ለቅሶ ነው።

ቁፋሮው ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ አባባ እንድሪስ ወጡና ልጄ፣ አንቺን ይጠይቃል፣ ግቢ አሉኝ። ስድስት ዓመት ከሰል ስመረምር ዋሻ ገብቼ አላውቅም ነበር። በሆዴ ተስቤ በድንጋዮቹ መሃል ወዳለው ክፍተት ፊቴን አስጠጋሁ። ከወዲያ የሚታይ ነገር የለም።

"ይመር፣ እኔ ነኝ። የሺ።"

"እህቴ፣ መጣሽ። ማዳበሪያው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ይበቃል?"

"ይበቃል። ስለሱ አታስብ።"

"ደግ ነው?"

"ደግ ነው፣ ይመር።"

ጨለማ ውስጥ ያለ፣ ያላየሁትን ድንጋይ ደግ ነው አልኩ። እሱም አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው እንደገና ረገፈ። ብዙ አይደለም፤ ከውጭ ያሉት አልሰሙትም። የድንጋዩ ምት ግን ቆመ። አባቱ ደጋግመው ተጣሩ። ሁሉም በእጥፍ ፍጥነት ቆፈረ። ለአስር ሰላት ጥቂት ሲቀር አወጡት። ፊቱ ላይ ቁስል አልነበረም። ማዳበሪያው ከደረቱ ሥር ነበር፤ አፉን በሲባጎ አስሮታል። አባባ እንድሪስ የልጃቸውን ዓይን በመዳፋቸው ዘጉና ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ። ከመግሪብ ሰላት በፊት ተቀበረ። ስመለስ ሁሴን ማዳበሪያውን ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ፤ ይህ የሱ አደራ ነው፣ ውጤቱን አሳውቂን አለኝ።

ዓርብ ጠዋት መብራት ነበር። ሦስቱን ለየብቻ አዘጋጀሁ፤ ማክሰኞ ይወድቃል ያልኩትን እርጥብ ከሰል፣ በሻሽ የነበረውንና ይመር ደረቱ ሥር ያቀፈውን። እርጥቡን እንደ ደንቡ አደረቅኩት። ሲደርቅ መልኩ መለወጥ ጀመረ። ያኔ ልቤ ፈራ። ሦስቱንም በሦስት ጽዋ ምድጃ ከተትኩ፤ ሲወጡ መዘንኳቸው። አላመንኩም፤ ደግሜ አቃጠልኩ፣ ደግሜ መዘንኩ። ሦስቱም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ሚዛኑ በራሱ ከሚሳሳተው አይበልጥም። ሦስቱም ያልፋሉ።

ግድግዳውም ምሰሶውም ያው አንድ ከሰል ነበር። አንዱ ዝናብ መትቶት ደበዘዘ፣ ሌላው ውስጥ ደርቆ ቆይቶ አበራ። ጭቃውን ለዩ ያልኳቸው ልጆች ለይተውት ነበር፤ ይመር ማክሰኞ ያመጣው ማዳበሪያ የተፈለገው ራሱ ነበር። መብራቱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት አስጠብቄው ቢሆን ኖሮ አፉን በእጁ ሸፍኖ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ጽዋዎቹ ፊት ተቀምጬ ያቺን ካርቶን አየኋት። "ከምሰሶ" ይላል። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ለኃላፊዬ ሁሉንም ነገርኩት። መጥፎ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ መከረኝ። ምሰሶ ቁረጥ አላልሽውም፣ የገባው በራሱ ነው፣ ውጤቱን ብቻ ጻፊ፣ ካርቶኗን ጣያት፤ የተባባላችሁትን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው የለም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከእኔ አፍ መውጣቱን ማንም አያውቅም። እናንተን አልዋሻችሁም፣ ካርቶኗን ለመጣል ሁለት ጊዜ ከቆሻሻው ቅርጫት ጋር ደርሼ ተመልሻለሁ። እናቴን ማን ይጦራታል፣ ሥራዬን ቢነጥቁኝስ፣ አባቱ ቢረግሙኝስ እያልኩ አደርኩ። ቅዳሜ ካርቶኗን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለቅሶ ሄድኩ።

ሴቶቹ መሃል አስቀመጡኝ። ያን ቀን ከሰል ስትሸከም የዋለችው ናት እያሉ ለማያውቁኝ ይነግራሉ፤ አንዷ የእጄን ቁስል አይታ አላህ ይካስሽ አለችኝ። ከድንኳኑ በዚያ በኩል የማህበሩ ልጆች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ሰኞ፣ ከሁለተኛው ምሰሶ እናወጣለን ይላሉ። ይመር የሞተለት ነገር ሳይፈጸም አይቀርም፣ ፋብሪካው የሚቀበለው እሱን ብቻ ነው ተብሏል ይላሉ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

አባባ እንድሪስ ፊት ሄጄ ተንበረከኩ። ጉልበታቸውን ልስም መስሏቸው ሊያነሱኝ ሞከሩ።

"ልጄ፣ ውጤቱ ታወቀ? ደግ ነው?"

"ደግ ነው፣ አባባ። ማክሰኞ ይዞት የመጣውም ደግ ነበር። እኔ ሳልመረምር ይወድቃል አልኩት። የሚያልፈው የምሰሶው ነው፣ እሱን አዘጋጅ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ካርቶኗን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም። አገላብጠው አዩና ምን ይላል አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሁሴን ጥርሱን ነክሶ ወደ ውጭ ወጣ። እጄን ያየችው ሴትዮ ነጠላዋን ስባ ፊቷን አዞረች።

ሽማግሌው ካርቶኗን በመዳፋቸው ጨበጡ።

"ወላሂ፣ ዛሬ አውፍ ልልሽ፣ ይቅር ልልሽ አልችልም" አሉኝ። "አላህ ሲፈቅድ እንጃ። አሁን ተነሺ። የነገርሽኝን እነዚያ ልጆች ፊት ደግመሽ ተናገሪ። ሰኞ ሊገቡ ነው።"

ሄጄ ተናገርኩ። ቃል በቃል፣ ከሻሹ ጀምሮ እስከ ጽዋዎቹ። ከልጆቹ አንዱ "ውጪ፣ ከአጥሩ ውጪልን" አለኝ። ወጣሁ። ሰኞ ግን ማንም ምሰሶ አልነካም።

ሥራዬን አልነጠቁኝም። በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ፤ ለእኔ ግን ያነሰ ይመስለኛል። ማህበሩ የግድግዳውን ከሰል ለፋብሪካው ሸጠ፤ አንድ የማዕድን ባለሙያ ወጥቶ ምሰሶዎቹን በኖራ ቀባቸው፣ ነጭ የተቀባ አይነካም ተባለ። እኔ ከዚያ ወዲያ በዓይኔ ገምቼ አላውቅም። ዓይነ ሚዛን የሚለኝም የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ከሰል አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን ሁላችሁም በአንድ ነገር ላይ ታውቃላችሁ ትባላላችሁ። መምህር ናችሁ፣ ነርስ ናችሁ፣ መካኒክ ናችሁ፤ አንድ ሰው ከሩቅ መጥቶ ፊታችሁ ቆሞ ቃላችሁን ይጠብቃል። እናንተ እንደ ቀልድ የጣላችሁትን እሱ ተሸክሞት ይሄዳል። እኔ ማሽኑም ከእኔ የተለየ አይነግርህም ስል የተናገርኩት ለራሴ ጆሮ ነበር፤ ይመር ግን አመነኝ። ስለ ራሴ የምጠላው ውሸቴን አይደለም፤ አልዋሸሁትምና። የምጠላው አንድ ሰዓት መጠበቅ የከበደኝን ነው።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የላብራቶሪው በር ተንኳኳና አባባ እንድሪስ ገቡ። እንዴት እንደከረምኩ አልጠየቁኝም፣ ስለ ልጃቸውም አላነሱም። ማዳበሪያ ተሸክመው ነበር፤ ያን ሁሉ አገር በመኪና ቢመጡም ከመኪናው ከወረዱ ጀምሮ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። እርጥብ ነበር። በሻሽ የተቋጠረ ነገር አልነበረም።

"ጠይቂኝ" አሉ።

ካርቶን ቆረጥኩ። "አባባ፣ ይሄ ከየት ነው?"

"ከግድግዳው ነው። ምንም የተሸከመው ነገር የለም። ጻፊው።"

ጻፍኩት። ከዚያ ወንበር ስበው ምድጃው ፊት ተቀመጡና ሙስበሃቸውን አወጡ፤ ነድዶ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁ።